የጠፋችው የሩአሪ ጆሮ

የልጁ ጆሮ ጠፋች።

የሥጋ ጆሮው አይደለም የጠፋው። ሩአሪ ስሌተር ከተወለደ ጀምሮ አይሰማም። አራት ዓመት ሲሞላው ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና አድርገው ከቆዳው ሥር አንድ ነገር አኖሩለት፤ ከውጭ ደግሞ ከጆሮው ጀርባ የምትንጠለጠልና በማግኔት ጸጉሩ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ መሣሪያ ሰጡት። ቤተሰቡ መሣሪያዋን «ጆሮ» ነው የሚላት። እሷ ካለች ልጁ ይሰማል። ከሌለች የበር ደወልም የለም፣ የእናቱ ጩኸትም የለም።

ይህች ጆሮ ናት እንግዲህ፣ ልጆች ጭምብል አጥልቀው በየቤቱ በሚዞሩበት በሃሎዊን ዕለት፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሰው በሞላበት ቤት ውስጥ ውሃ የበላት።

ሳጅን ኤልስፔት ሜር ጥሪው ሲደርሳት ከመኪናዋ የፊት መስታወት ላይ ልጆች የወረወሩትን እንቁላል እየጠረገች ነበር። ፖርትሎጊ ትንሽ የወደብ ከተማ ናት፤ በዓመት አንድ ቀን ግን ፖሊስ ጣቢያው መተንፈሻ ያጣል። ስለ እንቁላል ይደወላል፣ ስለ ርችት ይደወላል፣ ቱቦ ውስጥ ገብታ ስለቀረች ድመት ይደወላል። ይሄኛው ዘጠነኛ ጥሪ ነበር።

«ጆሮ ተሰረቀ ነው ያልከኝ?» አለች በሬዲዮው።

«እንደዚያ ነው የምትለው ሴትየዋ። ታለቅሳለች።»

«የባሰ አታምጣ» ብላ ሞተሩን አስነሳች።

በሩን የከፈተችው የልጁ እናት ሮና ነበረች። የጠንቋይ ቆብ አድርጋለች፣ ማስካራዋ ግን ጉንጯ ላይ ወርዷል።

«ሰረቁት! የልጄን ጆሮ ሰረቁት!»

«ቀስ በይ ሮና። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«ምኑን ቀስ ልበል! ሰዓቱን አታዪም? ልጆቹ እኮ መንገድ ላይ ወጥተዋል!»

ነገሩ ለኤልስፔት ወዲያው ገባት። በፖርትሎጊ ልጅ በሃሎዊን ቀን ጭምብል ስላጠለቀ ብቻ ከረሜላ አይሰጠውም። በየበሩ ቆሞ ወይ ይዘፍናል፣ ወይ ግጥም ይላል፣ ወይ ያስቃል። ያለዚያ ለውዝም የለ፣ መንደሪንም የለ። ሩአሪ ዘንድሮ፣ በስድስት ዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ድምፁ ሊዘፍን ነው። ስለ አንዲት መንገድ ስለጠፋባት ዳክዬ የሚያወራ አጭር ዘፈን ነው፤ ስድስት ሳምንት አጥንቶታል፤ ዜማው ጠማማ ነው፤ እናቱ ግን ከዚያ የሚጥም ዘፈን ሰምታ አታውቅም።

«ምትክ አያመጡልሽም?»

«ሦስት ሳምንት ነው የሚሉት! ሃሎዊን ዛሬ ነው ኤልስፔት! ያለ እሷ የራሱን ድምፅ እንኳ አይሰማም። በሰው ደጃፍ ቆሞ አይዘፍንም፤ አውቀዋለሁ፣ ቢሞት አያደርገውም!»

የሆነው እንዲህ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ሮና የሁለቱን ልጆቿን ፊት ቀባች፤ ሩአሪን የሌሊት ወፍ፣ የአራት ዓመቷን ሞርቨንን ድመት አደረገቻቸው። ከዚያ ማድ ቤት ገብተው የበዓሉን ጨዋታ፣ ሳፋ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ፖም ያለ እጅ መያዝ ጀመሩ። በዚያ መሃል ደወል ተደወለ። አራት ልጆች ገቡ፤ ከነሱ አንዱ ረጅም ነው፤ ከራሱ እስከ እግሩ ነጭ አንሶላ ለብሷል። ትርዒታቸውን አሳዩ። ሮና ለውዝ ልታመጣ ጓዳ ገባች። እነሱ ሲወጡና እሷ ስትመለስ የሩአሪ ጆሮ ባዶ ነበር።

«አንሶላ የለበሰውን ታውቂዋለሽ?»

«ባውቀው ኖሮ አንቺን እጠራ ነበር? ራሴ ሄጄ አንቀው ነበር!»

ኤልስፔት ከትንሿ ጀመረች። ሞርቨን ባለፈው ወር የአባቷን ሰዓት ሽንት ቤት ውስጥ የጨመረች ልጅ ናት።

«የወንድምሽን ጆሮ ማን ወሰደው የኔ እመቤት?»

«ውሻ።»

«ውሻ አላችሁ እንዴ?»

«የለንም።»

ሽንት ቤቱ ተከፈተ። ቆሻሻው ተገለበጠ። የጎማ ጫማዎቹ አንድ በአንድ ተራገፉ፤ ከአንዱ ውስጥ የተነከሰ ዳቦ ወጣ። ሃያ ደቂቃ እንዲሁ በከንቱ አለፈ። ከውጭ የልጆች ሳቅ ይሰማል፣ የጎረቤት ደወል ይጮሃል። ምንም ነገር ቢያወጡ ጆሮዋ አይደለችም። የሮና ቆሽት አረረ። የኤልስፔትም ቢሆን።

ሩአሪ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። በጥቁርና በብርማ ቀለም የተዋበው ፊቱ ላይ ሁለት ዓይን ብቻ ይንቀሳቀሳል። ኤልስፔት ከፊቱ ተንበርክካ ከንፈሯን እየለጠጠች ጠየቀችው።

«ማን — ወሰደው?»

ልጁ ተመለከታት። እጆቹን አነሳና በፍጥነት የሆነ ነገር አለ።

«ምን አለ?»

ሮና ቀላች። «እኔ ምኑን አውቄ! ‹ብላ›፣ ‹ተኛ›፣ ‹ተው› ነው የማውቀው። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ የምልክት ቋንቋውን መጽሐፍ አልገለጥኩትም። ይሰማል፣ ይናገራል፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ። የሚያውቀው አባቱ ዴቪ ነው፤ እሱም ባሕር መሃል ነዳጅ ማውጫው ላይ ነው፤ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ስልክ አያነሳም። ቆይ፣ አማቴን ዋቲን ልጥራቸው።»

ዋቲ የዴቪ አባት ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። በአምስት ዓመቱ ትኩሳት መትቶት መስማት አቆመ፤ የሰው ከንፈር ያነባል፣ ሲናገርም ድምፁ ወፍራምና ቁርጥርጥ ያለ ነው። ከጓሮ ካለችው የእንጨት ቤት መጣ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እዚያ ሆኖ ተርኒፕ የሚሉትን፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ሥር፣ ለሃሎዊን ፋኖስ ሲፈለፍል ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ዱባ ከዞረ ቆይቷል። ዋቲ ግን «ዱባ የሰነፍ ነው» ይላል።

ሩአሪ አያቱን ሲያይ ከደረጃው ተነሳ። ያንኑ ምልክት ደገመው፤ አሁን ሰፋ አድርጎ፣ በመጨረሻም በጣቱ ወደ አያቱ አመለከተ።

ዋቲ ወደ ሁለቱ ሴቶች ዞረ።

«መስኮቱ ላይ አስቀመጥኳት ነው የሚለው» አለ። «አንሶላ የለበሰው ልጅ ወሰዳት። አያቴ ሆይ ፈልግልኝ ይለኛል።»

ሩአሪ የአያቱን አፍ ትክ ብሎ እያየ ነበር። በድንገት ደረጃውን በእግሩ ደበደበው።

«አይዞህ የኔ ጌታ! አይዞህ!» ብላ እናቱ አቀፈችው። ተወራጨ። ሁሉም ኀዘን ነው ብለው አለፉት።

ሮና ልጁን ልታረጋጋው ይዛው ወደ ፎቅ ወጣች። ኤልስፔት ከዋቲ ጋር ኮሪደሩ ላይ ቀረች።

«ለምንድን ነው ያወለቃት?»

«ለፖሙ ነዋ። ጭንቅላቱን ውሃ ውስጥ ሊነክር። ጆሮዋ ውሃ አትችልም።»

«እርስዎ ሲያወልቃት አይተዋል?»

«እኔ ጓሮ ነበርኩ። ልጁ ነው ያለኝ።»

የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም። ኤልስፔት ማስታወሻዋን ዘግታ ነጩን አንሶላ ልትፈልግ ወጣች።

በሃሎዊን ምሽት ነጭ አንሶላ ፈልጎ ማግኘት ማለት በዓሣ ገበያ ውስጥ አንዱን ዓሣ በጠረኑ ለመለየት እንደመሞከር ነው። የመጀመሪያው አንሶላ የስምንት ዓመት ልጅ ሆነ። ሁለተኛው ሴት ልጅ ሆነች። ሦስተኛው አንሶላም አልነበረ፣ የሰከረ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሰዓቱ አሥራ ሁለት ሆነ። ሬዲዮው ስለ እንቁላል ይጮህባታል። ባዶ እጇን ተመልሳ ለዚያች እናት ምን ትላታለች?

አራተኛውን ከተጠበሰ ዓሣ ሱቁ ጀርባ አገኘችው። ረጅም ነው። ከአንሶላው ሥር የእንቁላል ካርቶን ይታያል።

«አውልቅ!»

አንሶላው ሲወርድ ፈርገስ ሪች ሆነ፤ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው።

«መኪናሽን አይደለም እኮ የመታሁት!»

«መኪናዬን አንተ ነህ ለካ! እሱን ቆይ እንነጋገርበታለን። ስሌተሮች ቤት ገብተሃል?»

«ገብቻለሁ። ቀልድ ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም።»

«ኪስህን ገልብጥ።»

ለውዝ። መንደሪን። ግማሽ የተላሰ ከረሜላ። ሌላ ምንም።

«የትንሹን ልጅ ጆሮ የት አደረስከው?»

«የምን ጆሮ?» ልጁ ደነገጠ። «ያቺን መብራት ያላትን? እኔ የሰው ጆሮ ምን ሊሠራልኝ! ስወጣ ከራሱ ጋር ነበረች፤ ሰማያዊዋ መብራት ብልጭ ስትል አይቻለሁ።»

«ውሸት። መስኮት ላይ ነበረች። ውሃ እንዳይነካት አውልቋት ነበር።»

«የምን ውሃ?»

«ፖሙን ሲይዝ ነዋ!»

ፈርገስ ሳቀ። «ኧረ በሹካ ነው የያዘው! ወንበር ላይ ተንበርክኮ፣ ሹካ በጥርሱ ነክሶ፣ ከላይ ለቀቀው፤ ፖሙን ልክ መሃሉን ወጋው! አጨበጨብንለት። ሴትየዋ ፊታቸውን ቀብታቸው ቀለሙ እንዳይለቅ ብላ እኮ ነው። ውሃ ማን ነካ?»

ኤልስፔት ማስታወሻዋን እንደገና ገለጠች።

በእናቷ ቤት ፖም የሚያዘው ጭንቅላትን እስከ አንገት ውሃ ውስጥ ነክሮ ነው። ሹካ የቅምጥሎች ነበር። ስለዚህ «ፖም ሲይዙ» ሲባል እርጥብ ጸጉር ነው የታያት፤ በምን ያዛችሁ ብላ መጠየቅ ትዝም አላላትም። ከሌላ አገር የመጣ ፖሊስ ቢሆን ይጠይቅ ነበር። እሷ ግን የአገሯን ልማድ አውቃለሁ ብላ ዓይኗ እያየ አለፈችው። ልጁ ፊት ላይ አንዲት ቀለም እንኳ አልለቀቀችም ነበር! ከፊቱ ተንበርክካ አይታዋለች!

«ደደብ» አለች።

«እኔን ነው?»

«ራሴን ነው። አንተማ ነገ ጠዋት ስፖንጅ ይዘህ ጣቢያ ትመጣለህ።»

ወደ መኪናዋ ሮጠች። ስለ ውሃ የነገራት አንድ ሰው ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላውን ጓሮ የዋለ፣ ሹካውን ያላየ፣ ዓምና እንደነበረው ዘንድሮም ጭንቅላት የሚነከር የመሰለው ሰው። ሳጅን ሜር ደግሞ የልጁን ቃል እንዲተረጉምላት የጠየቀችው እሱኑ ነው። በሬ ካራጁ ይውላል ማለት ይኸው።

ስትደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏል። ሁሉንም ማድ ቤት ሰበሰበቻቸው። ሩአሪ የወፍ ክንፉን አውልቆ ጥሎታል።

«ዋቲ፣ ወደ እኔ ይመልከቱ። ፖሙን በምን ነበር የያዙት?»

«በአፍ። ጭንቅላት ውሃ ውስጥ—»

«ኧረ በሹካ ነው!» አለች ሮና። «ፊታቸውን ቀብቼ ውሃ ውስጥ ልነክራቸው ነው እንዴ? ማነው ስለ ውሃ ያወራው?»

ዋቲ የአፏን እንቅስቃሴ ጨርሶ አነበበ። ወደ ሳፋው ዞረ። ከታች፣ ከውሃው ሥር፣ ሁለት ሹካዎች ተጋድመዋል። ብዙ አያቸው። ከዚያ እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደና መሐረብ አወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፈታው።

ሰማያዊዋ መብራት ብልጭ አለች።

ከዚያ ሮና ፈነዳች። አሥር ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስትለው የኖረችውን ሰው ነው።

«አንተ! አንተ ነህ! ሽንት ቤት ስቆፍር ቆመህ ታየኛለህ? ልጄ ሲያለቅስ ኪስህ ውስጥ ይዘሃት ትቆማለህ? ምን አደረገህ? የስድስት ዓመት ልጅ ምን በደለህ?»

ዋቲ እጆቹን አነሳ። «በእጄም በአፌም ነው የምናገረው» አለ፤ «ልጁም ይወቀው።»

ሲናገር ቃሉ ይቆራረጣል፣ እጆቹ ግን አይቆራረጡም።

«ዓምናና ካቻምና ትርዒቱን አብረን ነበር የምናሳየው። እሱና እኔ፣ በእጅ። ዓሣ አጥማጁና ያመለጠው ዓሣ። ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር። ዘንድሮ ዘፈን አመጣ። እኔን አልጠየቀኝም። የት ልቁም? በየሰው ደጃፍ እንደ ግንድ ልቁም?»

ሮና ልትናገር ስትል ኤልስፔት ክንዷን ያዘቻት።

«ከልጅነቴ ጀምሮ በዚህ ከተማ እጄን የሚያነብ ሦስት ሰው ነው የነበረኝ። ሚስቴ ሞተች። ዴቪ ባሕር ላይ ነው። የቀረኝ እሱ ነው። ጆሮዋን ካደረገ ወዲህ እያወራኝ ጀርባውን ይሰጠኛል። ስለሚሰማ ሁሉም ሰው የሚሰማ ይመስለዋል። ጀርባውን ሲሰጠኝ ምን እንደሚል አላውቅም። ዛሬን ብቻ ብዬ ነው። አንድ ሃሎዊን። ነገ ጠዋት አገኘኋት ልል ነበር።»

«መቼ ነው የወሰድክበት?» አለች ሮና፤ ድምጿ ወርዶ ነበር።

«ኮሪደሩ ላይ፣ አንቺ ጓዳ ሳለሽ። ልጆቹ ሲወጡ። እየተጫወትኩ መስሎት ሳቀልኝ።»

ኤልስፔት አንድ ነገር ቀርቷታል። ባትጠይቀው ይሻል ነበር፤ ግን ሥራዋ ነው።

«ልጁ ደረጃው ላይ ያኔ በምልክት ምን ነበር ያለው? እውነተኛውን።»

ዋቲ አንገቱን ደፋ። እጆቹ ተንቀሳቀሱ፤ አፉ ዘግይቶ ተከተለ።

«‹አያቴ ጋ ናት።› ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ ነው ያለው።»

ሮና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቆቧ ወደ አንድ ጎን ዘመመ። ልጇ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ፣ ፊት ለፊቷ ቆሞ፣ እውነቱን ነግሯታል። እሷ ደግሞ አይዞህ እያለች ቆሻሻ ትገለብጣለች። በአንድ እጇ አፏን ያዘች፣ በሌላው ሩአሪን ወደራሷ ሳበችው፤ አሁን አልተወራጨም።

«ሮና፣ ክስ ልመዝግብ?» አለች ኤልስፔት።

«ምን ብለሽ? ‹እናቱ አልገባትም› ብለሽ?» አፍንጫዋን ጠረገች። «ተገኘ በዪ። ግን እርስዎ ዛሬ ከኛ ጋር አይወጡም ዋቲ። ዛሬ ፊትዎን ማየት አልችልም። እውነቴን ነው።»

ዋቲ ራሱን ነቀነቀ። ኮቱን ለበሰ። ያን ሁሉ ሰዓት የፈለፈለውን ፋኖስ እንኳ ሳይዝ በፊት ለፊት በር ወጣ።

ሩአሪ ጆሮውን አደረገ። አያቱ ሲወጣ አላየውም፤ ወይም ላለማየት ብሎ ነው። ክንፉ ተፈልጎ መጣ። ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን እናትና ሁለት ልጆች ወደ መንገዱ ወጡ።

ኤልስፔት መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ የማትጽፈውን ሪፖርት እያሰበች ነበር። ምሽቱ በሙሉ አናደዳት። እንቁላሉም፣ አንሶላውም፣ ራሷም። ሌባ ይዛ ሌባው ያሳዘናት ቀን ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ እሱም ያናድዳል።

ዋቲ ከመንገዱ ማዶ፣ ከወደቡ ግንብ አጠገብ፣ ከመብራት ሥር ቆሟል። ወደ ቤቱ አልሄደም።

ልጆቹ ከፊት ለፊቱ ያለውን የሚስዝ ፋርኳርን በር ደወሉ። አሮጊቷ ከረሜላ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ወጣች።

«እሺ የሌሊት ወፍ፣ ምን ታሳየኛለህ?»

ሩአሪ አፉን ከፈተ። ደግሞ ዘጋው። ወደ ኋላው ተመለከተ፤ መብራቱ ሥር የቆመውን ሰው አየ። ከዚያ ለአሮጊቷ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መንገዱ ዞረ።

«ኧረ ወደዚህ ዙር የኔ ልጅ! ከረሜላውን የምሰጥህ እኔ ነኝ!»

ሩአሪ ቆዪኝ ብሎ አንድ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋላት። ፊቱን ወደ መንገዱ መብራት ቀና አደረገ፣ አፉ ጥርት ብሎ እንዲታይ። ስለ ዳክዬዋም እየዘፈነ፣ እያንዳንዱን ቃል በእጁ ጭምር፣ ለአያቱ ይነግረው ጀመር።